ለታሸገ የእህል ከረጢት ኃይል በሬዲዮ ሞገድ፦ የሬክቴና ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2017 ዓ.ም.፦ ዓላማና ስሌት

የዚህ ሥራ ዓላማ አፉ በታሰረ የእህል ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ያለ ሽቦና ያለ ባትሪ፣ ከውጭ በሚላክ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ነቀዝን ያለ ኬሚካል ለመከላከል የሚያገለግለው ፒክስ የተባለው ከረጢት ሁለት የፕላስቲክ ውስጠኛ ሽፋንና አንድ የተሸመነ ማዳበሪያ አለው፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር በውስጡ ያሉት ነፍሳት ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱና መብላትም መራባትም ያቆማሉ። እህሉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማየት ግን ከረጢቱን መክፈት ግድ ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አዲስ አየር ይገባና የተደከመበት ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል።

አንድ የሳንቲም ባትሪ ይህን መሰል ሴንሰር ለአንድ የምርት ዘመን ሊያሠራው ይችላል። ነገር ግን ለምግብ በሚውል እህል መሃል ሊቲየም ባትሪ ማስቀመጥ አልፈልግም፤ ቢያፈስስ ወይም በልጅ እጅ ቢገባ የሚያስከትለው ጉዳት ከጥቅሙ ይበልጣል። በተጨማሪም ዕቃው አንድ ጊዜ ከታሸገ በኋላ ለዓመታት ከከረጢት ወደ ከረጢት እየተዛወረ እንዲያገለግል እፈልጋለሁ። ሴንሰሩ ሁልጊዜ መሥራት የለበትም፤ ሰው መጥቶ ላኪውን ሲያስጠጋለት ነቅቶ አንድ ጊዜ ለክቶ ውጤቱን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ከላከ ይበቃል።

የመረጥኩት ፍሪኩዌንሲ 2.45 ጊጋኸርትዝ ነው። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠሩበት ክልል በመሆኑ ርካሽ ዕቃ ይገኛል፤ የሞገዱ ርዝመትም 12.2 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ አንቴናው በመዳፍ ላይ ይቀመጣል። የላኪውን ጉልበት ከተራ የዋይፋይ መሣሪያ፣ ማለትም ከ100 ሚሊዋት፣ ላለማሳለፍ ወስኛለሁ። ከዚህ በላይ ማሰራጨት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከአሮጌ የማይክሮዌቭ ምድጃ ማግኔትሮን አውጥቶ እንደ ላኪ መጠቀም የሚቻል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ የምድጃው ትራንስፎርመርና ኮንደንሰር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዙ፣ ሞገዱም ዓይንን ስለሚያቃጥል፣ ማንም እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ።

ስሌቱን የሠራሁት ሃራልድ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ቀመር ነው። 100 ሚሊዋት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሰራጭ፣ አንድ ሜትር ርቆ የቆመና አቅጣጫ የማይመርጥ አንቴና የሚቀበለው 10 ማይክሮዋት እንኳ አይሞላም። ርቀቱ ወደ ሁለት ሜትር ሲያድግ ይህ ወደ ሩብ ይወርዳል። አየሩ ኃይሉን ስለሚበላው አይደለም፤ ሞገዱ ሰፍቶ ስለሚበተን ነው። ሠላሳ ሴንቲሜትር ላይ ቆሞ ደህና አንቴና ያለው ተቀባይ ግን ከግማሽ ሚሊዋት በላይ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ላኪው ከከረጢቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ርቆ እንዲያዝ ከመጀመሪያው ታስቧል።

ጥቅምት፦ የዳዮድ ምርጫ

ሬክቴና የሚባለው አንቴናና የሞገዱን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ ቀጥተኛ ጅረት የሚቀይር ዳዮድ አንድ ላይ የተሠሩበት ዕቃ ነው። አንቴናው ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ይህ ሥራ የሚወድቀውም የሚነሳውም በዳዮዱ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት እዚህ በቀላሉ የሚገኙትን ዳዮዶች አንድ በአንድ ሞከርኩ።

መጀመሪያ የተሞከረው በየሱቁ ያለው 1ኤን4148 ነው። ይህ የሲሊኮን ዳዮድ በደንብ ማስተላለፍ የሚጀምረው 0.6 ቮልት አካባቢ ሲሆን፣ ከማስተላለፍ ወደ መዝጋት ለመመለስ 4 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። የ2.45 ጊጋኸርትዝ ሞገድ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ0.4 ናኖሰከንድ ስለሆነ፣ ዳዮዱ አንድ ጊዜ እስኪዘጋ ድረስ አሥር ዙር ያልፈዋል። መልቲሜትሩ ላይ የታየ ነገር የለም።

ቀጥሎ 1ኤን5819 የተባለውን የፓወር ሰፕላይ ሾትኪ (በብረትና በሴሚኮንዳክተር መጋጠሚያ የሚሠራ ዳዮድ) ሞከርኩ። ሾትኪ በመሆኑ ፈጣን ነው፣ የሚነሳበት ቮልቴጅም ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ለትልቅ ጅረት የተሠራ ስለሆነ በውስጡ ከ100 ፒኮፋራድ የሚበልጥ አቅም (እንደ ኮንደንሰር ቻርጅ የመያዝ ጠባይ) አለው። ይህ አቅም በ2.45 ጊጋኸርትዝ ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ ከ1 ኦም በታች ነው። ሞገዱ መገናኛውን ትቶ በዚሁ አቋራጭ ያልፋል፤ ዳዮዱ የለም ማለት ይቻላል። ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ የጀርመኒየም ዳዮድ ከሁለቱ የተሻለ ሆነ፤ ላኪው በጣም ሲጠጋ ጥቂት ሚሊቮልት አሳይቷል። እሱንም ቢሆን የራሱ አቅምና ረጃጅም እግሮቹ ይጎትቱታል፤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ አንድ ሴንቲሜትር እግር ራሱን የቻለ ኮይል ነው።

የሚያስፈልገው ለዚሁ ሥራ የተሠራ፣ ያለ ተጨማሪ ቮልቴጅ ደካማ ሲግናል የሚያጣራ ሾትኪ ነው። ከእነዚህ መካከል ኤስኤምኤስ7630 የተባለውን መረጥኩ። የመገናኛው አቅም 0.14 ፒኮፋራድ ብቻ ነው፤ በ2.45 ጊጋኸርትዝ ይህ ወደ 460 ኦም ይተረጎማል። ይህን ዓይነት ዳዮድ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አላገኘሁም። ከሜሪላንድ የመጣች የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ አምጥታልኛለች፤ የአንዱ ዋጋ ከአንድ ዶላር ባይበልጥም፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ ከደረሰበት አንጻር ሲሰላ ተቃጥሎ የሚጣል ዕቃ አይደለም። መጠኑም ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ያለ ማጉያ መነጽር መበየድ አይቻልም፤ የሶልደር ብረቱ ጫፍ ከሁለት ሰከንድ በላይ ካረፈበትም ዳዮዱ ይሞታል።

በዚህ መንገድ የሄዱት ሰዎች ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሮስኮ ጆርጅ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ በርካታ ትናንሽ ዳዮዶችን አቀራርቦ በመደርደር ማይክሮዌቭን ወደ ቀጥተኛ ጅረት ቀየረ። ዊልያም ብራውን በሬይቴዎን ኩባንያ ይህንን ሐሳብ ከአንቴና ጋር አዋሕዶ ጥቅምት 1964 እ.ኤ.አ. በማይክሮዌቭ ጨረር ብቻ የምትበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ለሕዝብ አሳየ። በሄሊኮፕተሯ ሬክቴና ላይ የነበሩት ዳዮዶች 4,480 ነበሩ። እያንዳንዱ ዳዮድ የሚችለው ኃይል ትንሽ ስለነበረ ሸክሙን በብዛት ማከፋፈል ግድ ሆነበት። የእህል ከረጢቱ አሠራር የተገኘውም በዚያው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሆኑን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙት ግን እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ኅዳር፦ የመጀመሪያው ሰሌዳ

የመጀመሪያውን ሬክቴና የሠራሁት ኤፍአር-4 በተባለው ተራ የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ነው። አንቴናው 37 በ29 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ፓች (ጠፍጣፋ የመዳብ ቁራጭ) ነው። ከጎኑ ሁለት ዳዮድና ሁለት ኮንደንሰር ያሉት ቮልቴጅ እጥፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት የሚታይ ተቃውሞ) የሚያጣጥም መስመር አለ። መዳቡን በፌሪክ ክሎራይድ ያነሳሁት በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ነው።

ያለ ጭነት ሲለካ መልቲሜትሩ ከግማሽ ቮልት በላይ አሳየ። ይህ ቁጥር ግን ያታልላል፤ መልቲሜትሩ ራሱ 10 ሜጋኦም ስለሆነ ምንም ኃይል አይወስድም። ትክክለኛው ፈተና ሬዚስተር አስገብቶ መለካት ነው። ከ4.7 ኪሎኦም ጭነት ጋር፣ ላኪው አንድ ሜትር ላይ ሆኖ የተገኘው 0.07 ቮልት፣ ማለትም አንድ ማይክሮዋት ያህል ነው። በስሌት አንቴናው ሊቀበል ይገባው የነበረው 17 ማይክሮዋት ገደማ ነው። ከ17ቱ 16ቱ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ የወሩን ሥራ ሁሉ ወሰደው።

የጠፋው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ሰሌዳው ራሱ ነው፤ ኤፍአር-4 ለዚህ ፍሪኩዌንሲ የተሠራ ስላልሆነ አንቴናው ከሚቀበለው ኃይል ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህን ብክነት በስሌቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ሆኖም የሰሌዳው ጠባይ ከአምራች ወደ አምራች ስለሚለያይ የሚፈለገውና የተገኘው ፍሪኩዌንሲ አልተገጣጠመም። ሁለተኛው ማጣጣሚያው ነው። ከወዳጄ በተዋስኩት እስከ 3 ጊጋኸርትዝ በሚለካ ናኖ ቪኤንኤ (ሰርኪዩት ከተላከለት ሲግናል ምን ያህሉን እንደሚመልስ በሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) ሳየው ሰርኪዩቱ ከመጣለት ኃይል ብዙውን ወደ አንቴናው መልሶ ያንጸባርቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ስላለ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዳዮድ እንደ ሬዚስተር ቋሚ ኢምፒዳንስ የለውም፤ ኢምፒዳንሱ በሚገባው ኃይል ልክ ይለዋወጣል። ናኖ ቪኤንኤው የሚልከው የመለኪያ ሲግናል ሬክቴናው አንድ ሜትር ላይ ከሚያገኘው በጣም የሚበልጥ በመሆኑ፣ በመሣሪያው ስክሪን ላይ ፍጹም የተጣጣመ የሚመስለው ሰርኪዩት በእውነተኛው ሥራ ላይ አይጣጣምም። መፍትሔው በመሣሪያውና በሰርኪዩቱ መካከል ሲግናሉን በ10 ወይም በ20 ዴሲቤል የሚያዳክም አቴንዌተር ማስገባት፣ ካሊብሬሽኑንም ከአቴንዌተሩ በኋላ ማድረግ ነው። ንባቡ ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም እውነተኛውን ሁኔታ ያሳያል። በዚህ መንገድ የማጣጣሚያውን መስመር በመዳብ ቴፕ እያስረዘምኩና በምላጭ እያሳጠርኩ ቮልቴጁን ወደ 0.1 አደረስኩት፤ ኃይሉ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ኪሳራ የዳዮዱ ተፈጥሮ ነው፣ እሱንም በብየዳ ማስተካከል አይቻልም። ሲግናሉ በጣም ደካማ ሲሆን ዳዮዱ የሚያወጣው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ከሚገባው ኃይል ጋር እኩል ያድጋል፤ ስለዚህ የሚወጣው ኃይል በሚገባው ኃይል ስኩዌር ያድጋል። የሚገባው በግማሽ ሲቀንስ የሚወጣው ወደ ሩብ ይወርዳል። በ1975 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ጎልድስቶን፣ ከ26 ሜትር ዲሽ 1.54 ኪሎሜትር ርቆ በቆመ ሬክቴና ላይ ከ30 ኪሎዋት በላይ ቀጥተኛ ኃይል ሲገኝ፣ ሬክቴናው ከገባለት ኃይል ከ80 በመቶ በላይ መለወጥ የቻለው እያንዳንዱ ዳዮድ በሙሉ ጉልበቱ እንዲሠራ የሚያስችለው በቂ ሞገድ ስለደረሰው ነው። የእኔ ዳዮድ የሚያገኘው በማይክሮዋት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ ያንን ብቃት ከእሱ መጠበቅ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ይኸው ሕግ ወደ ሌላኛው አቅጣጫም ይሠራል፦ አንቴናው በእጥፍ ቢሻሻል ትርፉ ከእጥፍ ይበልጣል። የሚቀጥለው ሥራ አንቴናው ላይ የሆነው ለዚህ ነው።

ታኅሣሥ፦ የመዳብ አንቴናና ላኪው

ኤፍአር-4ን ከአንቴናው ሙሉ በሙሉ አስወጣሁት። አዲሱ ፓች ከቀጭን የመዳብ ሉህ የተቆረጠ ሲሆን፣ በፓቹና በጀርባ ሰሌዳው መካከል ያለው 6 ሚሊሜትር የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ነው። ፎሙ አብዛኛው አየር ስለሆነ ኃይል አይበላም። ፓቹ አሁን ወደ 52 ሚሊሜትር አድጓል፣ የጀርባ ሰሌዳውም 10 በ10 ሴንቲሜትር ነው። ሉሁን ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ሲሆን፣ በኪሎ ስለሚሸጥ ለአንድ አንቴና የሚደርሰው ዋጋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ኤፍአር-4 የቀረው ከጀርባ ለተለጠፈው ለዳዮዱ ሰርኪዩት ብቻ ነው፤ እዚያ መስመሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ብክነቱ ይቻላል።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በዚያው ርቀት፣ በዚያው ጭነት ላይ 0.25 ቮልት፣ ማለትም 13 ማይክሮዋት ተገኘ። አንቴናው በስሌት የሚቀበለው ወደ 60 ማይክሮዋት ስለሆነ ብቃቱ ከአንድ አምስተኛ ከፍ ይላል። የሚገባው ኃይል ሦስት እጥፍ ተኩል ሲያድግ የሚወጣው ስድስት እጥፍ አደገ።

ተጨማሪ ደረጃዎች ያሉት የቮልቴጅ ማባዣም ሠርቼ ነበር። ያለ ጭነት የሚያሳየው ቮልቴጅ ያምራል፤ ጭነት ሲገባ ግን ኃይሉ ከሁለት ዳዮዱ ሰርኪዩት ያንሳል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ተጨማሪ ዳዮድ ከዚያችው ጥቂት ኃይል የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ወደ ሁለት ዳዮድ ተመልሻለሁ።

እስካሁን ላኪ ሆኖ ያገለገለው በአምራቹ የሙከራ ፈርምዌር ያለማቋረጥ የሚያሰራጭ ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ነው። ይህ ለመለኪያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ የዋይፋይ ቻናል ሙሉ በሙሉ ስለሚይዝ የጎረቤትን ኢንተርኔት ያውካል፤ ስለዚህ ለአጫጭር ጊዜ ብቻ እጠቀምበታለሁ። የቤት ዋይፋይ ራውተር በቂ እንደሆነም ለማየት ሞክሬያለሁ። ሥራ የሌለው ራውተር መኖሩን ለማሳወቅ በሰከንድ ወደ አሥር ጊዜ ብቻ አጭር መልእክት ይልካል፣ በተረፈ ዝም ይላል፤ ሬክቴናው ላይ የሚገኘውም ከዜሮ የማይለይ ነው። ትልቅ ፋይል ሲወርድ መርፌው ይነሳል፣ ሲያልቅ ይወድቃል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባትሪ የሌለው ካሜራ በዋይፋይ ሲያሠሩ ራውተሩ ባዶ ፓኬት እየላከ ቻናሉን እንዲሞላ ያደረጉት ለዚሁ ነው። እኔም ኢኤስፒ32ቱን በዚሁ መንገድ ፕሮግራም አደረግሁት፤ ሌሎች መሣሪያዎች ቦታ እንዲያገኙ በፓኬቶቹ መካከል ክፍተት ስለሚተው፣ በአየር ላይ የሚቆየው ከጊዜው ግማሽ ያህል ነው።

በጤና በኩል ለሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን ልጻፍ። 100 ሚሊዋት በሠላሳ ሴንቲሜትር ርቀት የሚፈጥረው ጥንካሬ በአንድ ካሬ ሜትር ከ0.1 ዋት በታች ነው። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን በዚህ ፍሪኩዌንሲ 10 ዋት ነው።

ጥር፦ ቮልቴጅ ማሳደጊያና ኮንደንሰር

ማይክሮኮንትሮለሩና ሴንሰሩ ቢያንስ 2 ቮልት ይፈልጋሉ። ከዳዮዱ የሚወጣውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ወደዚያ ለማድረስ ቢኪው25504 የተባለውን ኃይል ሰብሳቢ ቺፕ ተጠቀምኩ። ቺፑ ኮንደንሰሩ ባዶ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የሚጠይቀው ቮልቴጅ፣ ከተነሳ በኋላ ከሚበቃው በብዙ ይበልጣል። አንድ ሜትር ላይ የተገኘው 0.25 ቮልት ለማስነሳት አይበቃም። ሠላሳ ሴንቲሜትር ላይ ግን ላኪው ያለማቋረጥ ሲያሰራጭ በጭነት ላይ ከአንድ ቮልት በላይ ይገኛል፣ ቺፑም ሳይቸገር ይነሳል። ከመጀመሪያው የታሰበው ርቀት ትክክል መሆኑን ይህ አረጋገጠልኝ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ቀስ ብሎ የሚታይ ዓይነት ነበር። ኮንደንሰሩ 220 ማይክሮፋራድ የሆነ ተራ ኤሌክትሮሊቲክ ሲሆን፣ ላኪው ሠላሳ ሴንቲሜትር ላይ ሳለ በሚገባ ይሞላል፣ ትንሽ ራቅ ሲል ግን 1.6 ቮልት አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ሰርኪዩቱን ፈትቼ ክፍሎቹን ለየብቻ ስለካ ምክንያቱ ኮንደንሰሩ ራሱ መሆኑ ታወቀ፤ ኤሌክትሮሊቲክ በውስጡ የሚያፈስሰው ጥቂት ማይክሮአምፔር በሌላ ሥራ ላይ ማንም ልብ የማይለው ሲሆን፣ እዚህ ግን ከገቢው ጋር እኩል ነው። ሱፐርካፓሲተርም ሞከርኩ፤ የሚያፈስሰው የባሰ ነው፣ ከባዶ ለመሙላትም ሰዓታት ይፈልጋል።

መፍትሔው ሴራሚክ ኮንደንሰር ሆነ። ሴራሚክ እምብዛም አያፈስስም፤ ነገር ግን ቮልቴጅ ሲሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በላዩ የተጻፈው 100 ማይክሮፋራድ 3 ቮልት ላይ ያንን ያህል አይሆንም። ስለዚህ ጎን ለጎን አራት አድርጌ በየድኩ። ከ3.3 ወደ 2 ቮልት እስኪወርድ ድረስ የሚሰጠው ከግማሽ ሚሊጁል ይበልጣል፤ ይህም ሴንሰሩን ለማንቃት፣ አንድ ጊዜ ለመለካትና አጭር የብሉቱዝ መልእክት ለመላክ በቅቷል። መልእክቱ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ክልል ስለሚወጣ፣ ላኪው በየጥቂት ሰከንዱ ለአፍታ ዝም እንዲል ፕሮግራሙ ላይ ተጨምሯል፤ አለዚያ ስልኩ አጠገቡ በሚጮኸው ላኪ ምክንያት የሴንሰሩን ድምፅ አይሰማም።

ጠረጴዛ ላይ፣ በነፃ አየር፣ ከላኪው ሠላሳ ሴንቲሜትር ርቆ፣ ዕቃው ከባዶ ተነስቶ የመጀመሪያውን ንባብ ወደ ስልኩ የሚልከው ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ነው። 21 ዲግሪና 48 በመቶ እርጥበት የሚል ጽሑፍ፣ አንድም ባትሪ ከሌለው ሰሌዳ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ሲታይ በጣም ተደስቻለሁ።

የካቲት፦ እህል ውስጥ

ዕቃውን በምግብ መያዣ ፕላስቲክ ሣጥን አሽጌ በስንዴ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ስቀብረው ሙሉ በሙሉ ዝም አለ። ላኪውን እስከ ባልዲው ግድግዳ ባስጠጋውም አልተነሳም። ናኖ ቪኤንኤው ምክንያቱን አሳየ፦ እህሉ ፓቹን ሲከብበው አንቴናው የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ከ2.45 ወደ 2.31 ጊጋኸርትዝ ወርዷል። ስንዴ ለሬዲዮ ሞገድ እንደ አየር አይደለም፤ ሞገዱ በውስጡ ይዘገያል፣ የሞገዱ ርዝመትም ያጥራል። ስለዚህ በአየር ውስጥ ልክ የነበረው ፓች በእህል ውስጥ ረጅም ሆኖ ይገኛል።

ፓቹን ለእህል ብቻ አሳጥሮ መቁረጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ሽምብራ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የአንዱ እህል እርጥበት ሲለወጥም ልኩ ይለወጣል። ስለዚህ የመረጥኩት እህሉን ከፓቹ ማራቅ ነው። ከፓቹ ፊት 2 ሴንቲሜትር ፎም ገብቶ ሣጥኑ ወፍራም ሆነ። መውረዱ ወደ 2.41 ተወሰነ፤ ቀሪውን ፓቹን አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ መጠን በሞረድ በማሳጠር አስተካከልኩት። አሁን በስንዴም ሆነ በበቆሎ ውስጥ ይነሳል።

ሁለተኛው ነገር ጥልቀት ነው። እርጥበት ያለው እህል ሞገዱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀውም በዚሁ ነው። በዚህ ጉልበት እህሉ አይሞቅም፣ ኃይሉ ግን ይጠፋል። በደረቀ ስንዴ ውስጥ በ8 ሴንቲሜትር ጥልቀት የሚደርሰው ግማሽ ያህል ነው፤ የዳዮዱ ሕግ ሲጨመርበት የሚወጣው ከግማሽ በታች ይሆናል። ሠላሳ ሴንቲሜትር ላይ ምንም አይገኝም። የከረጢቱ መሃል ከ8 ሴንቲሜትር በብዙ ስለሚርቅ፣ አንቴናው በፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጠግቶ እንዲቀመጥ፣ ሴንሰሩ ብቻ ደግሞ በቀጭን አራት መስመር ሽቦ ወደ እህሉ መሃል እንዲገባ አደረግሁ። ሽቦው ከአንቴናው ጀርባ ስለሚወጣ አንቴናውን አይረብሸውም። ሽቦው ከጎን በኩል ሲወጣ ግን ውጤቱ በግልጽ ወርዷል፤ ስለዚህ ቦታው በሣጥኑ ላይ ምልክት ተደርጎበታል።

መጋቢት፦ ቢሾፍቱ አጠገብ

የመጀመሪያው ዕቃ ቢሾፍቱ አጠገብ ባሉ ዘመዶቼ ቤት፣ ባለ 100 ኪሎ የስንዴ ከረጢት ውስጥ ገባ። ላኪው በስልክ ፓወር ባንክ ይሠራል፣ ፊቱም ሊዞርበት የሚገባው ቦታ በማዳበሪያው ላይ በቀለም ተቀብቷል። እዚያ የመጀመሪያው ንባብ እስኪመጣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቶሎ ቶሎ ይከታተላሉ። የማዳበሪያውም ሆነ የፕላስቲኩ ሽፋን ለሞገዱ እንቅፋት አልሆነም። የቤቱ እማወራ የሆኑት እትዬ ከረጢቱን ሳይነኩ የውስጡ እርጥበት 60 በመቶ ነው የሚለውን ሲሰሙ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሴንሰሩ የሚለካው በፍሬዎቹ መካከል ያለውን አየር እርጥበት ሲሆን፣ ገበያ ላይ የሚታወቀው ደግሞ የእህሉ የራሱ እርጥበት ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ግንኙነቱ ግን በእህሉ ዓይነትና በሙቀቱ ይለያያል፤ ስልኩ ላይ መውጣት ያለበት እሳቸው የሚያውቁት ቁጥር ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በታች ከሆነ ሻጋታ እንደማይነሳበት ነግሬያቸው፣ ለጊዜው ስልኩ አረንጓዴና ቀይ ብቻ እንዲያሳይ አድርጌዋለሁ።

ቆርቆሮ ግድግዳ ባለው ጎተራ ውስጥ ንባቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሞገዱ ከግድግዳው እየተመለሰ ራሱን በአንዳንድ ቦታ ሲያጠናክር፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ያጠፋል፤ ላኪውን ሦስት አራት ጣት ያህል ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ችግሩን ይፈታዋል። ይህን ለተጠቃሚ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ላኪው ራሱ ሁለት አንቴና ኖሮት እየተፈራረቀ ቢልክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የማንቀያየሪያው ዕቃም ርካሽ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ በከረጢት ውስጥ ለሚቀመጠው አንድ ዕቃ ከሁሉም የሚበልጠውን የሚይዘው ቢኪው25504 ነው፣ ቀጥሎ ሴንሰሩና ማይክሮኮንትሮለሩ ይመጣሉ። ዳዮዶቹ፣ መዳቡ፣ ፎሙና ሣጥኑ አንድ ላይ ተደምረው የቺፑን ግማሽ አይሞሉም። ጠቅላላው ከከረጢቱ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለአንድ ገበሬ ለእያንዳንዱ ከረጢት ይግዛ ማለት አይቻልም። ለዘር ብዜት ማኅበራትና ለኅብረት ሥራ መጋዘኖች፣ በአሥር ከረጢት አንድ ናሙና ተደርጎ ቢቀመጥ ግን አሁንም ስሜት ይሰጣል።

የሚቀጥለው ሙከራ ያለ ማሳደጊያ ቺፑ ነው። ላኪው የሚልከውን አማካይ ኃይል ሳይጨምር በአጭርና በጠንካራ ምት ቢልክ፣ ዳዮዱ በምቱ ጊዜ በተሻለ ብቃት ስለሚሠራ የሚያወጣው ቮልቴጅ ያድጋል። 3 ቮልት በቀጥታ ከዳዮዶቹ ማግኘት ከተቻለ ውዱ ቺፕ ይወጣል። የምቱ ከፍታ ከ100 ሚሊዋት እንዳያልፍ ስለምፈልግ ርቀቱ ወደ አንድ ስንዝር መውረድ ይኖርበታል፤ ላኪውን ከማዳበሪያው ጋር አስጠግቶ ለሚይዝ ሰው ይህ ችግር አይሆንም። ሁለት የቮልቴጅ ማባዣ ሰሌዳዎች፣ አንዱ በሁለት፣ ሌላው በአራት ዳዮድ፣ መዳባቸው ተነስቶ ለብየዳ ተዘጋጅተዋል።